ሰማይ አይታረስም፤ ሹም ግን ይከሰሳል

በአገራችን ስለ ሕግ የሚነገሩ ሁለት አባባሎች አሉ። ሁለቱም ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንደኛው «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ዱላ ሲያነሣ ሌላው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸበት፣ ያነሣውን ዱላ መልሶ ማውረድ ግዴታው እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ዱላ የያዘው ጉልበተኛም ቢሆን ባለጠጋም ቢሆን ቃሉ ለሁሉም እኩል ነበረ። ሁለተኛው ደግሞ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ነው። ይህኛው ሕግ ለተራው ሰው እንጂ ለገዥው እንዳልተሠራ የሚናገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ለአገር ይበጃል የሚለውን ነው። መልሱ ለብዙዎቻችሁ ግልጽ ይመስላችሁ ይሆናል። ዳሩ ግን መልሱን በቃል መናገርና በሥራ ማዋል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በሥራ ያዋለችውን የአንዲት ትንሽ አፍሪቃዊት አገር ታሪክ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ፤ ይህችም አገር ማላዊ ናት። ዓመቱንና ወሩን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?

የሕግ የበላይነት ማለት በአገሩ ውስጥ ሕግ አለ ማለት ብቻ አይደለም። ጨካኝ ገዥም ቢሆን ሕግ ያወጣል፤ እንዲያውም ሕግ ማብዛት ይወዳል። ልዩነቱ ያለው ሕጉ ማንን ያስራል በሚለው ላይ ነው። ገዥው በሕግ ሌላውን እያሰረ ራሱን ግን ሕግ የማይነካው ከሆነ፣ ሕግ የእጁ መሣሪያ ሆነ ይባላል እንጂ የበላይ ሆነ አይባልም። ሕግ የበላይ ሆነ የሚባለው ያወጣውንም ሰው ሲገዛው ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ተጠያቂነት ነው። ተጠያቂነት ማለት ሥልጣን የተሰጠው ሰው «ምን ሠራህ? ገንዘቡን የት አደረስህ? ይህን ያደረግህ በየትኛው ሕግ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት ማለት ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ መጀመሪያ የሚመረመር መዝገብ፣ ሁለተኛ መዝገቡን ለማየት መብት ያለው ጠያቂ፣ ሦስተኛ ሳይፈራና ሳያዳላ የሚፈርድ ዳኛ። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙ ዋጋ የላቸውም። መዝገብ ኖሮ ጠያቂ ከሌለ መዝገቡ አቧራ ይለብሳል፤ ጠያቂ ኖሮ ዳኛ ከሌለ ጠያቂው ይታሰራል፤ ዳኛ ኖሮ መዝገብ ከሌለ ደግሞ ዳኛው በምን ላይ ይፈርዳል?

ነገሩ ከእኛ ከተማሪዎች ሕይወት የራቀ አይደለም። የክፍል አለቃ የረባሾችን ስም ሲጽፍ የጓደኛውን ስም ቢያልፍ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮም በዝርዝሩ የሚያምን ሰው አይገኝም። የተወው አንድ ስም ነው፤ ያጠፋው ግን የዝርዝሩን ክብር በሙሉ ነው።

ዓለም ወዴት እየሄደ ነው?

ስለዚህ ነገር ዛሬ መጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በስዊድን አገር በጐተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቪ-ዴም የተባለው የጥናት ተቋም በ2025 ባወጣው መግለጫ፣ በ2024 ከዓለም ሕዝብ ከመቶው 72 ያህሉ በፈላጭ ቈራጭ አገዛዝ ሥር ይኖር እንደ ነበረ አስታውቋል። በዚያው መግለጫ ፈላጭ ቈራጭ የተባሉት መንግሥታት 91፣ ዴሞክራሲያዊ የተባሉት ደግሞ 88 ሆነው ተቈጥረዋል።

ፈላጭ ቈራጭነት በሁለት በር ይገባል። የመጀመሪያው በር ጠመንጃ ነው። ከ2020 ወዲህ ወታደሮች በማሊ፣ በጊኒ፣ በሱዳን፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በኒጀርና በጋቦን መንግሥት ገልብጠዋል። ይህ በር ሲከፈት ድምፅ ስላለው ሁሉም ይሰማዋል። ሁለተኛው በር ግን ድምፅ የለውም። በሕዝብ ተመርጦ የመጣ ሰው ሥልጣኑን የሚገድቡትን አጥሮች አንድ በአንድ፣ በዐዋጅና በደንብ፣ ቀስ እያለ ይነቅላል። በሃንጋሪ በ2010 ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛውን ወንበር ያገኘው ፓርቲ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ፤ የዳኞችንም የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 ዝቅ አደረገ። በዚህም ብዙ ነባር ዳኞች ባንድ ጊዜ ከወንበራቸው እንዲነሡ ሆነ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2012 ድርጊቱ ከኅብረቱ ሕግ ጋር ይቃረናል ብሎ ፈረደ። በቱኒዝያ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በጁላይ 2021 የምክር ቤቱን ሥራ አገዱ፤ በጁን 2022 ደግሞ 57 ዳኞችን ባንድ ጊዜ አሰናበቱ።

በሁለቱም አገሮች ዳኛው እንደ ተነካ ልብ በሉ። ሌባ ቤት ሊገባ ሲያስብ በቅድሚያ ውሻውን ዝም ያሰኛል። የአፍሪቃ መንግሥታትም ይህን የሁለት በር ነገር ስለሚያውቁ፣ በጃንዋሪ 2007 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ባጸደቁት የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር በኀይል መንግሥት መገልበጥን ብቻ ሳይሆን፣ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ ሕገ መንግሥትን ማሻሻልንም ከሕገ ወጥ ሥራዎች ተራ አስገብተዋል። ዳሩ ግን ቻርተር በራሱ እግር አይሄድም። የሚያስኬደው ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደ ሆነ ለማየት ወደ ማላዊ እንሂድ።

የማላዊ ሕዝብና ያለፉት ፈተናዎች

ማላዊ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪቃ በማላዊ ሐይቅ ዳር የተዘረጋች ቀጭን አገር ናት። በ2018 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ 17 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበረ፤ አብዛኛውም ገበሬ ነው። ከዓለም ድኻ አገሮች አንዷ ናት። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «የሕግ የበላይነት የሀብታም አገሮች ጌጥ ነው» ለሚሉ ሰዎች መልስ ስለሚሆን ነው።

አገሪቱ በ1964 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ስትወጣ መሪዋ ዶክተር ሄስቲንግስ ካሙዙ ባንዳ ነበሩ። እርሳቸውም በ1971 የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ተባሉ። ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ አልተፈቀደም፤ የተቃወመ ይታሰር ወይም ይሰደድ ነበረ። በማርች 1992 ግን የካቶሊክ ጳጳሳት አገዛዙን የሚነቅፍ መልእክት ጽፈው በየአብያተ ክርስቲያናቱ አስነበቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሊታፈን አልቻለም። በጁን 1993 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ብዙ ፓርቲዎች እንዲኖሩ ወሰነ፤ በሜይ 1994 በተደረገው ምርጫም ባንዳ ተሸንፈው፣ መሸነፋቸውን ተቀብለው ወረዱ።

አዲሱ ሕገ መንግሥት አንድ ፕሬዚዳንት በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይገዛ ይከለክላል። በ2002 ይህን ወሰን ለማንሣት ለምክር ቤቱ ረቂቅ ቀረበ፤ ለማጽደቅ ከሚያስፈልገው ድምፅ ሦስት ብቻ ጐድሎት ወደቀ። በኤፕሪል 2012 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ በድንገት ዐረፉ። ሕጉ ምክትላቸው ይተካሉ ይላል፤ ነገር ግን ምክትሏ ጆይስ ባንዳ ከፕሬዚዳንቱ ተጣልተው የራሳቸውን ፓርቲ ያቋቋሙ ስለ ነበሩ፣ ሹመታቸውን ለመከልከል የተንቀሳቀሱ ሚኒስትሮች ነበሩ። የጦሩ አዛዥ ከሕገ መንግሥቱ ጐን ቆሙ፤ ወይዘሮ ባንዳም በሁለት ቀን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሆኖም ከሁሉ የከበደው ፈተና ገና ነበረ።

ከነጩ ቀለም በታች

ሜይ 21 ቀን 2019 ማላዊ ፕሬዚዳንት መረጠች። ከጥቂት ቀን በኋላ የምርጫ ኮሚሽኑ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፒተር ሙታሪካ ከመቶ 38.57 ድምፅ አግኝተው አሸንፈዋል ብሎ አስታወቀ። የቀድሞው ሰባኪ ላዛሩስ ቻክዌራ 35.41፣ የራሳቸው የፕሬዚዳንቱ ምክትል የነበሩት ሳውሎስ ቺሊማ ደግሞ 20.24 አገኙ ተባለ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 159 ሺህ ድምፅ ያህል ነበረ።

ይህ ቁጥር የሚሰበሰበው እንዲህ ነው። በየምርጫ ጣቢያው ድምፁ ይቈጠራል፤ ውጤቱ በቅጽ ላይ ይጻፋል፤ የጣቢያው ኀላፊና የየፓርቲው ታዛቢዎች ይፈርሙበታል፤ ቅጹም ወደ ማእከል ይላካል። እንግዲህ የአገሪቱ ሁሉ ፍርድ የሚያርፈው በእነዚያ ቅጾች ላይ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ በተገለጡ ጊዜ ግን ቁጥሮቹ በነጭ ቀለም ተቀብተው፣ በላዩ ላይ ሌላ ቁጥር ተጽፎባቸው ተገኙ። ይህም ቀለም እኛ ተማሪዎች «ፍሉድ» እያልን በደብተራችን ላይ የምንቀባው ነው። በአገሩ ቲፕ-ኤክስ ስለሚባል ሕዝቡ «የቲፕ-ኤክስ ምርጫ» የሚል ስም አወጣለት።

ምናልባት አንዱ፣ «ስሕተት ቢታረም ምን ክፉ ነገር አለው?» ይል ይሆናል። በመዝገብ ሥራ የኖረ ሰው ግን መልሱን ያውቃል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ስሕተት ሲገኝ ባንድ መሥመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከጐኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰውም ይፈርምበታል። የቀድሞው ቁጥር ከመሥመሩ በታች ይነበባል። ነጭ ቀለም ሲቀባ ግን የቀድሞው ቁጥር ይጠፋል፤ ማን እንደ ለወጠውና ለምን እንደ ለወጠው አይታወቅም። አዲሱ ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ እውነት መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የአገራችን ሰዎች በውል ላይ ስርዝ ድልዝ የማይወዱት ለዚህ ነው።

አምስቱ ዳኞች

ሕዝቡ ለብዙ ወራት ሰልፍ ወጣ። ቺሊማና ቻክዌራ ግን አቤቱታቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ጉዳዩን የሰሙት አምስት ዳኞች ሂሊ ፖታኒ፣ አይቪ ካማንጋ፣ ሬድሰን ካፒንዱ፣ ዲንጊስዋዮ ማዲሴና ማይክ ቴምቦ ነበሩ። ምስክርና ማስረጃ ሲሰሙ ወራት አለፉ። በዚህ መካከል አንድ ባለጠጋ የባንክ ሰው ዳኞቹን በጉቦ ለማባበል ሞከረ። ዳኞቹ ግን ነገሩን ለበላያቸው አስታወቁ፤ ሰውዬውም በ2021 ተፈርዶበታል።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020 ዳኞቹ በወታደር ታጅበው ወደ ችሎት ገቡ። ፍርዱ 500 ገጽ ያህል ነበረ፤ ማንበቡ ዐሥር ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሕዝቡም በየቤቱና በየሱቁ በሬዲዮ ተከታተለው። ዳኞቹ በምርጫው የታየው ጉድለት ሰፊና ከባድ ስለ ሆነ ውጤቱ ፈርሷል፤ በ150 ቀን ውስጥ እንደገና ይመረጥ፤ አሸናፊም የሚባለው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ብቻ ይሁን ብለው ፈረዱ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዳኞቹ «ያሸነፈው ቻክዌራ ነው» አላሉም። ያሉት በእነዚህ ወረቀቶች ማን እንዳሸነፈ ሊታወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሕዝብ እንደገና ይጠየቅ ነው። ዳኛ በሕዝብ ፈንታ አይመርጥም፤ ሕዝብ የመረጠው እንዳይሰረቅ ግን ይጠብቃል።

ይግባኝ ተባለ፤ ሰባት ዳኞች የተቀመጡበት የበላይ ፍርድ ቤት በሜይ 8 ቀን 2020 ፍርዱን አጸና። ዳግመኛው ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አንድሩ ኒሬንዳ ጡረታቸው እስኪደርስ ዕረፍት ይውጡ ብሎ አስታወቀ። ይህ ሁለተኛው በር ሲንኳኳ መሆኑን የሕግ ሰዎች ዐወቁት፤ ጠበቆች ካባቸውን እንደ ለበሱ ወደ አደባባይ ወጡ፤ ፍርድ ቤትም ትእዛዙን አገደው።

ጁን 23 ቀን 2020 እንደገና ተመረጠ። ቻክዌራ ከመቶ ከ58 በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ከዚያ በፊት በአፍሪቃ የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት በመሻር ቀዳሚ የሆነው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበረ፤ ይኸውም በሴፕቴምበር 2017 ነው። ነገር ግን በኬንያ በዳግመኛው ምርጫ ዋናው ተቃዋሚ ሳይወዳደር ስለ ቀረ በሥልጣን ላይ የነበረው ቀጠለ። ፍርድ ቤት ውጤቱን ሽሮ፣ ሕዝብ እንደገና መርጦ፣ ተቃዋሚው ሲያሸንፍ በአህጉራችን የማላዊ የመጀመሪያው ሆነ።

ሕግ እንጀራ ይሆናልን?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። እኔ ግን ቀጥሎ የሆነውን ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ዋናው ትምህርት ከዚያ ላይ ነውና።

የቻክዌራ የሥልጣን ዘመን የተሳካ አልነበረም። በማርች 2023 ፍሬዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ማላዊ ብዙ መቶ ሰው ገደለ። በኖቬምበር 2023 የአገሩ ገንዘብ ኳቻ ከዋጋው እጅግ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ የእህል ዋጋ ናረ፤ ነዳጅ ጠፋ። የሕዝቡ ተስፋ ወደ ምሬት ተለወጠ። በሴፕቴምበር 16 ቀን 2025 በተደረገው ምርጫ የ85 ዓመቱ አዛውንት ፒተር ሙታሪካ ከመቶ ከ56 በላይ ድምፅ አግኝተው ተመለሱ፤ ቻክዌራ ወደ 33 ብቻ አገኙ። ከሙታሪካ ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የቀረቡትም በ2019 የምርጫ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ጄን አንሳ ናቸው። ቻክዌራ መሸነፋቸውን ለሕዝቡ ተናግረው ሥልጣናቸውን አስረከቡ።

እንግዲህ የሚያፌዝ ሰው፣ «ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበረ? ያው ሰውዬ ተመለሰ አይደለምን?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የተራበ ሰው ፍርድ ቤቱ ነጻ ስለ ሆነ ብቻ አይጠግብም። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው። የሕግ የበላይነት ጥሩ ሰው እንዲሾም ዋስትና አይሰጥም፤ የተሾመው ሁሉ እንዲጠየቅና ያለ ደም እንዲሻር ግን መንገድ ይከፍታል። በ2020 ሙታሪካ በሕግ ወረዱ፤ በ2025 በሕግ ተመለሱ፤ በሕግ የወጡት ቻክዌራም በሕግ ወረዱ። ሦስቱም ጊዜ የወሰነው ጠመንጃ ሳይሆን የድምፅ ወረቀት ነው። ሕዝቡ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን ከአምስት ዓመት በኋላ በራሱ እጅ ለማረም ይችላል። ፈላጭ ቈራጭ አገዛዝ ሲሳሳት ግን ማረሚያ የለውም፤ ነጭ ቀለም ብቻ አለው።

ለእኛ የሚተርፈው

የማላዊ ሕዝብ ከሁላችን የተለየ ሕዝብ ስለ ሆነ አይደለም ይህ የተደረገው። በየቦታቸው ቆመው እንቢ ያሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የጦር አዛዡ ሕገ መንግሥቱን ልተላለፍ አልችልም አለ፤ ዳኛው ጉቦውን እንቢ አለ፤ ጠበቃው ዝም አልልም አለ። የተሸነፈውም ወገን ክርክሩን ይዞ ወደ ችሎት ሄደ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ብቻ ቦታውን ቢለቅ ኖሮ የቀሩት ላይበቁ ይችሉ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ዳኛ ወይም የጦር አዛዥ የሚሆነው ጥቂት ነው። መዝገብ የሚይዘው ግን ብዙ ነው፤ ገንዘብ ያዥ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የመጋዘን ኀላፊ፣ መምህር። በማላዊ በየምርጫ ጣቢያው ከሚሠሩት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ያ ነጭ ቀለም የተቀባውም በትልቅ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ባለው ቅጽ ላይ ብሩሹን ያነሣ አንድ ተራ ሰው ነበረ። ስለዚህ ተጠያቂነት የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት አይደለም። የክፍል መዋጮ ስንሰበስብ ደረሰኝ በመስጠት፣ የክበብ ምርጫ ስናደርግ ድምፁን በሁሉም ፊት በመቍጠር፣ ስንሸነፍም ያሸነፈውን በመጨበጥ ይጀምራል።

መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንንም በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን አባባል በእኛ ፊት እንደ ቀልድ አትናገሩት፤ ልጅ ቀልዱን ትቶ ምክሩን ይይዛልና። «በሕግ አምላክ» የሚለውን ግን አስተምሩን፤ ይህ ቃል ደካማው ኀይለኛውን ለማስቆም የሚችልበት ከአባቶች የተረከብነው ቃል ነው። ሰማዩ ሳይታረስ ይኑር፤ ምድር ላይ ያለው ሹም ግን መዝገቡን ይዞ ይቅረብ።